ከ17 ወደ 11፦ በስልክ የተከታተልኩትን የድባቴ ሕክምና እንዴት እንደለካነው

እኛ ዘንድ «እንዴት ነሽ?» ለሚል ሰው መልሱ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው፦ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን»። ሙስሊም ጎረቤቶቼም «አልሐምዱሊላህ» ብለው ያልፉታል። ምስጋናው መልካም ነው፤ ማንም እንዲተወው አልሻም። ለሕክምና ግን አይበቃም፤ በተለይ ባለሙያው የሚያገኛችሁ በስልክ ብቻ ከሆነ ጨርሶ አይበቃም። በአካል የሚያያችሁ ሰው አለባበሳችሁን፣ አረማመዳችሁን፣ ወንበር ላይ አቀማመጣችሁን አይቶ «ደህና ነኝ» ማለታችሁን ላይቀበለው ይችላል። በስልክ የሚታየው ግን ፊት ብቻ ነው፤ ኔትወርኩ ሲደክም ደግሞ ፊትም ይጠፋና ድምፅ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የታካሚን ለውጥ በየጊዜው መለካት በስልክና በኢንተርኔት ለሚሰጥ የአእምሮ ሕክምና የግድ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ። እኔ በዚህ መንገድ ታክሜ ከድባቴ ወጥቻለሁ። ያየሁትን የምጽፈው ዛሬ በተመሳሳይ ሕክምና ላይ ላለ ወይም ለመጀመር ለሚያስብ ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው።

ሥራዬ ሒሳብ ነው። ጅማ ውስጥ ቡና ከአርሶ አደር ተረክቦ ለላኪዎች በሚያቀርብ ድርጅት ገቢና ወጪ እመዘግባለሁ። ሕመሙ የጀመረኝ አባቴ ካረፉ በኋላ ነው። ሐዘን እያደር ይቀልላል ይባላል፤ የእኔ ግን እያደር ከበደ። እንቅልፍ ራቀኝ፣ ምግብ አስጠላኝ፤ መዝገብ ገልጬ አንዱን መስመር ደጋግሜ አነብና ምን እንዳነበብኩ አላውቅም። ጅማ የአእምሮ ሕክምና የሌለባት ከተማ አይደለችም። የዩኒቨርሲቲው የሕክምና ማዕከል አገልግሎቱን ይሰጣል፤ ለእኔ መድኃኒት ያዘዘልኝ ሐኪምም የሚሠራው እዚሁ ከተማ ነው። ያጣሁት በየሳምንቱ ተቀምጦ የሚያነጋግረኝን፣ ቤተሰቤንም የማያውቅ ሰው ነበር። ከሄርማታ ገበያ እስከ ፈረንጅ አራዳ ስሄድ ቆሜ ሰላም የምለው ሰው ብዙ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ለአንድ ሰዓት ውይይት በየሳምንቱ መመላለስ አይታሰብም። ስለዚህ መድኃኒቱን ከጅማ፣ ውይይቱን ከአዲስ አበባ በስልክ አደረግሁት።

ከመጀመሪያው ውይይት በፊት የሥነ ልቦና ባለሙያዋ የድባቴን ምልክቶች የሚለካ አንድ መጠይቅ በቴሌግራም ላከችልኝ። ፒኤችኪው-9 ይባላል። ክሮንኬ፣ ስፒትዘር እና ዊልያምስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. ስለ አስተማማኝነቱ ያሳተሙት ጥናት በዓለም ዙሪያ አሰራጭቶታል፤ ክፍያም አይጠየቅበትም። የአማርኛው ቅጂ አዲስ አበባ ውስጥ በሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተፈትሾ ውጤቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፤ ሁሉም የሚጠይቁት ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ነው። ነገሮችን ለመሥራት ፍላጎት ማጣት፣ መከፋትና ተስፋ መቁረጥ፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ ወይም ከመጠን በላይ መብላት፣ ራስን ዋጋ ቢስ አድርጎ ማየት፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ሰው እስኪያስተውለው ድረስ መዘግየት ወይም መቁነጥነጥ፣ በመጨረሻም ብሞት ይሻላል ወይም ራሴን ልጉዳ የሚል ሐሳብ። ምንም ካልነበረ 0፣ ጥቂት ቀናት ከሆነ 1፣ ከግማሽ ለሚበልጡ ቀናት ከሆነ 2፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል ከሆነ 3 ይሞላል። ድምሩ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል። ከ5 እስከ 9 ቀላል፣ ከ10 እስከ 14 መካከለኛ፣ ከ15 እስከ 19 ከመካከለኛ ከፍ ያለ፣ ከ20 ጀምሮ ከባድ ተብሎ ይነበባል።

እኔ 17 አመጣሁ። ቁጥሩን ሳየው ደነገጥኩ፤ ወዲያው ደግሞ እፎይ አልኩ። ለወራት «ምን ሆነሽ ነው?» ሲሉኝ መልስ ያጣሁለት ነገር መጠን ያለው፣ ሌሎች ሰዎችም ደርሶባቸው የተለካ ሕመም መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። መጠይቁ «ደህና ነሽ ወይ?» አይልም፤ ስንት ቀን እንዳልተኛሁ፣ ስንት ቀን እንደደከመኝ ይጠይቃል። ቀን መቁጠር ይቻላል። ለቀን ቆጠራ ደግሞ ይሉኝታ አያስፈልግም።

በዚህ ቦታ አንድ ነገር ላስምርበት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። መጠይቁ ብቻውን በሽታ አይሰይምም፤ ያን የሚያደርገው አነጋግሮና መርምሮ ሐኪም ነው። የእንቅርት ዕጢ መታወክ ወይም የደም ማነስም ድካምና የእንቅልፍ መዛባት ያመጣል፤ እኔም መድኃኒት ከመጀመሬ በፊት የደም ምርመራ ታዞልኝ ነበር። ስለዚህ በይነመረብ ላይ መጠይቁን አግኝታችሁ፣ ደምራችሁ፣ በራሳችሁ ላይ ፍርድ እንዳትሰጡ። ትልቁ ጥቅሙ አንድን ሰው ከራሱ ከትናንቱ ጋር ማነጻጸር ነው። የእኔን 17 ከሌላ ሰው 17 ጋር ማወዳደር ምንም አይነግረንም።

ማነጻጸር ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ስንት ነጥብ ለውጥ ይባላል የሚለው ይመጣል። የአንድና የሁለት ነጥብ መውጣትና መውረድ የትም የሚገኝ ነው፤ የሞላችሁበት ቀን ዝናብ ይሁን ፀሐይ፣ ከሰው ጋር ተጣልታችሁ ይሁን ታርቃችሁ ያንን ያህል ይለዋውጠዋል። ባለሙያዎቹ ትርጉም ያለው ለውጥ የሚሉት ከ5 ነጥብ ጀምሮ ነው። የመጀመሪያው ነጥብ በግማሽ ሲወርድ ሕክምናው እየሠራ ነው ይላሉ፤ ከ5 በታች ወርዶ እዚያው ሲቆይ ደግሞ ምልክቶቹ ጠፍተዋል ማለት ነው። ይህን ማወቄ በጣም አሳርፎኛል። ከ14 ወደ 15 በወጣ ቁጥር ሕክምናው ከሸፈ ብዬ አልተንገበገብኩም፤ ከ15 ወደ 13 ሲወርድም ድኛለሁ ብዬ መድኃኒት አላቋረጥኩም። ሰው ሕክምና የሚፈልገው በጣም በባሰበት ሰሞን ስለሆነ የመጀመሪያው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከፍተኛው ነው፤ ከዚያ ትንሽ መውረዱ በራሱ ብዙ አይናገርም።

ሕክምናው ገፍቶ ውጤቴ 11 በደረሰ ጊዜ ደስ አለኝ። 6 ነጥብ ወርዷል፤ በመለኪያው ሕግ ይህ እውነተኛ ለውጥ ነው። ባለሙያዋ ግን ድምሩን አይታ አላለፈችውም። ሁለቱን ቅጾች ጎን ለጎን አድርጋ ስክሪኑ ላይ አሳየችኝና በየመስመሩ ሄድን። እንቅልፍ ከ3 ወደ 1። ድካም ከ3 ወደ 1። የምግብ ፍላጎት ከ2 ወደ 0። ስድስቱ ነጥብ በሙሉ ከእነዚህ ከሦስቱ የመጣ ነው። ፍላጎት ማጣት 3 ነበር፣ አሁንም 3 ነው። መከፋት 2፣ አሁንም 2። ራሴን ዋጋ ቢስ አድርጎ ማየት 2፣ አሁንም 2። ሐሳብ መሰብሰብ 2፣ አሁንም 2።

«መድኃኒቱ አካልዎን አሳርፎታል» አለችኝ፤ «ልብዎ ግን የተነሳ አይመስለኝም። እስቲ ስለ ቤትዎ ይንገሩኝ።»

ልክ ነበረች። የምወስደው አሚትሪፕቲሊን ነበር፤ ይህ መድኃኒት እንቅልፍ ያመጣል፣ የምግብ ፍላጎትም ይጨምራል። ሰውነቴ ማረፉ ትልቅ ነገር ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን ከሥራ ስመለስ በሩን ዘግቼ እተኛለሁ፣ ማኅበር ከቀረሁ ቆይቻለሁ፣ ልጄ ትምህርት ቤት ስላጋጠማት ነገር ስትነግረኝ አንገቴን እየነቀነቅሁ አልሰማትም። ድምሩን ብቻ ይዘን ብንሄድ ኖሮ ሁለታችንም ረክተን ሕክምናውን ባለበት እንቀጥል ነበር። ለዚህ ነው ለማንም የምመክረው፦ ድምሩን ሲነግሯችሁ ዘጠኙን መስመሮች አሳዩኝ በሉ። የትኛው ተንቀሳቀሰ? የትኛው ቆመ? ሒሳብ ሠራተኛ እንደመሆኔ ይህን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ የዓመቱ ሚዛን ትርፍ ያሳያል፣ ከትርፉ በስተጀርባ ግን አንድ ክፍል እየከሰረ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ቀጠሮ በኋላ ሁለት ነገር ተለወጠ። ሐኪሜ የመድኃኒቱን መጠን መልሶ አየ። ባለሙያዋ ደግሞ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «እየተሻለዎት መሆኑን ጎረቤትዎ በምን ያውቃሉ?» አሰብኩና ቡና ላይ አልኳት። በእኛ ሰፈር ከሰዓት በኋላ ቡና ይጠራራል። በደህናው ጊዜ አቦሉንም ቶናውንም ጠጥቼ በረካ ሳይቀርብ የማልነሳ ሰው ነበርኩ። ከታመምኩ ወዲህ ስጠራ «ልጅቷ አሞኛል አለች» እያልኩ እቀራለሁ፤ ግድ ሆኖብኝ ከሄድኩም አቦሉን እንደጨረስኩ ሰበብ ፈልጌ እነሳለሁ።

ይህንኑ መለኪያ አደረግነው። ካልሄድኩ 0፣ አቦል ጠጥቼ ከተነሳሁ 1፣ እስከ ቶና ከቆየሁ 2፣ በረካ ከጠጣሁ 3። በየሳምንቱ መጨረሻ ከመጠይቁ ጎን እጽፈዋለሁ። ታካሚው ራሱ የመረጠውን ግብ በደረጃ ከፋፍሎ መለካት ኪሬሱክ እና ሸርማን የተባሉ ባለሙያዎች በ1968 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት የታወቀ ዘዴ መሆኑን ኋላ ነው ያወቅሁት። ለእኔ ግን ከዚህ በላይ ነበር። በየቀኑ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ነገረኝ። «ደስተኛ ሁኚ» ተብሎ አይታዘዝም፤ ቶና እስኪቀርብ መቀመጥ ግን ይቻላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶና ድረስ የቆየሁት ስላስደሰተኝ አልነበረም፤ ሲኒዬን ይዤ ወሬው ሳይገባኝ፣ የከሰሉን ጭስ እያየሁ፣ መነሻዬን እየቆጠርኩ ነው። ባለሙያዋ አስቀድማ ነግራኛለች፦ በድባቴ ጊዜ ፍላጎቱ ሥራውን አይቀድምም፣ ሥራው ነው ፍላጎቱን የሚጎትተው። አንድ ቀን ጎረቤቴ የምታወራው አስቆኝ ሳቅሁ፤ ሁሉም ዞረው አዩኝ። በዚያ ሳምንት የፍላጎቱ መስመር ለመጀመሪያ ጊዜ ከ3 ወደ 2 ወረደ። የቡናው ቁጥር ግን ከዚያ ቀደም ብሎ መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር።

የእናንተ መለኪያ ቡና ላይሆን ይችላል። ለአንዱ የዕለቱን ሒሳብ ሳያሳድር መዝጋት ነው፤ ለሌላው ቅዳሴ ወይም ጁምዓ መሄድ፣ የልጅን ራስ ማጠብ፣ የወንድምን ስልክ ማንሳት። ዋናው ነገር ሌላ ሰው በዓይኑ ሊያየው የሚችል፣ ከሕመሙ በፊት ታደርጉት የነበረ፣ በትንሽ በትንሹ ሊከፋፈል የሚችል ነገር መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ባለ 12 ጥያቄ መጠይቅ አለው፤ ስላለፉት 30 ቀናት ቤት ውስጥ ስለመሥራት፣ ከሰው ጋር ስለመግባባት፣ ራስን ስለመንከባከብ፣ በማኅበራዊ ሕይወት ስለመሳተፍ ይጠይቃል። ፒኤችኪው-9 ራሱ ከዘጠኙ በታች ምልክቶቹ ሥራንና ኑሮን ምን ያህል እንዳከበዱ የሚጠይቅ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለው፤ ድምሩ ውስጥ ስለማይገባ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እባካችሁ አትዝለሉት።

ቁጥሩን የሚያዛባ ነገርም አለ፤ ጅማ ውስጥ ደግሞ በተለይ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ስለ ምግብ ፍላጎት ሲጠየቅ ምን ይሙላ? በረመዳን ለሱሑር የሚነሳ ሰው የእንቅልፉን መስመር እንዴት ይመልስ? እኔ በጾሙ ወቅት ከቁጥሩ ጎን «ጾም» ብዬ እጽፍ ነበር፤ ባለሙያዋም ያንን መስመር ለብቻው አድርጋ ታነበዋለች። የቡና ለቀማው ሲደርስ ሥራችን እስከ ምሽት ይዘልቃል፤ ያኔ ያጣሁት እንቅልፍ የሕመም እንቅልፍ ማጣት አልነበረምና ይህንንም እጽፋለሁ።

ጫትንም መጥቀስ አለብኝ፤ እዚህ አካባቢ ማንም የሚያውቀው፣ በስልክ ሕክምና ላይ ግን ማንም የማያነሳው ጉዳይ ነውና። አብሮኝ የሚሠራ፣ እሱም በስልክ ክትትል ላይ የነበረ ወጣት የእንቅልፍ ነጥቡ ሁልጊዜ 3 ነበር። ሌሎቹ መስመሮች ሲወርዱ ይህ አልወርድ አለ። ለእንቅልፉ ሌላ መድኃኒት ሊጨመርለት ሲታሰብ ነው ከሰዓት በኋላ እንደሚቅም ለባለሙያው የነገረው። ጫት የሚያነቃ ነው፤ እንቅልፍ ይከለክላል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ምርቃናው ሲያልፍ ደግሞ መከፋትና መነጫነጭ ያመጣል። ዘጠኙ መስመሮች ውስጥ ስንቱን እንደሚነካ ተመልከቱ! ማንንም ለመውቀስ አይደለም ይህን የምጽፈው። ባለሙያው አዲስ አበባ ተቀምጦ ጠረኑን አያሸትም፣ ዓይናችሁንም በደንብ አያይም፤ ካልነገራችሁት ቁጥሩን በሌላ ምክንያት ይተረጉመዋል። ስንት ቀን እንደምትቅሙ፣ ስንት ሰዓት እንደምትጨርሱ፣ ቡናም ማታ ማታ የምትጠጡ ከሆነ እሱንም ጨምራችሁ ንገሩት።

አሞላሉ ላይም ሥርዓት ያስፈልጋል። በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቀንና ሰዓት፣ ያለፈውን ውጤት ሳታዩ ሙሉ። የእኔ ቅዳሜ ጠዋት ነበር፣ ልጄ ሳትነሳ። ውይይቱ ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው የሚሞላ መጠይቅ ባለሙያውን ለማስደሰት ይሞላል፤ እሷ ብዙ ደክማልኝ አሁንም 3 ብዬ ልሙላ? የሚል ይሉኝታ ይመጣል። ይሉኝታው ከእኛ አስተዳደግ የመጣ ነውና መምጣቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ከሰው ፊት ርቃችሁ፣ አንድ ቀን አስቀድማችሁ ሙሉ። ጭንቀትም ካለባችሁ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመው ባለ ሰባት ጥያቄው ጂኤዲ-7 አለ፤ ድምሩ ከ0 እስከ 21 ሆኖ አሞላሉ አንድ ዓይነት ነው።

ከዚህ ሕክምና በፊት ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የስልክ መተግበሪያ ሞክሬ ነበር። በየቀኑ ስከፍተው «ለተከታታይ ቀናት ተጠቅመዋል፣ በርቱ» ይለኛል፤ የገጹ ቀለምም ይደምቃል። እኔ ግን አብዝቼ የምከፍተው ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣኝ፣ ሲብስብኝ ነበር። ስንት ጊዜ እንደከፈታችሁት፣ ስንት ትምህርት እንደጨረሳችሁ መቁጠር ለመተግበሪያው ባለቤት ይጠቅመው ይሆናል፤ የእናንተን መዳን ግን አይለካም። ሌላም ነገር ታዝቤያለሁ፦ መክፈት ሳቆም ምን ሆንሽ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። መጠይቅ መሙላት ያቆመ ሰው ተሽሎት ሊሆን ይችላል፣ ከአልጋ መነሳት አቅቶትም ሊሆን ይችላል። ጥሩ ክትትል ዝም ያለውን ሰው ይደውልለታል። የእኔ ባለሙያ አንድ ቅዳሜ ሳልልክ ስቀር ሰኞ ጠዋት ደወለች፤ ያን ጊዜ በእርግጥም ብሶብኝ ነበር።

ስለ ዘጠነኛው ጥያቄ ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ስለ መሞትና ራስን ስለመጉዳት የሚጠይቀው እሱ ነው። በወረቀት ላይ፣ ሐኪሙ ፊት ለፊታችሁ ተቀምጦ ሲሞላ መልሱ እዚያው ይታያል። በስልክ ሲሞላ ግን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ 2 ብላችሁ ትልካላችሁ፣ ማንም ሳያየው ሊነጋ ይችላል። ስለዚህ ሕክምናውን በጀመራችሁበት ቀን ይህን ጠይቁ፦ ዘጠነኛው ላይ ከ0 በላይ ብሞላ ማን ያየዋል? በስንት ሰዓት ውስጥ? ለማን ይደውላል? ግልጽ መልስ ከሌለው አገልግሎት ጋር አትቀጥሉ። እኛ የእኅቴን ስልክ ቁጥር በመጀመሪያው ቀን መዝግበናል። ሐሳቡ የመጣው ዛሬ ማታ ከሆነ ደግሞ መጠይቅ ሞልቶ መልስ መጠበቅ አይገባም፤ ቤት ውስጥ ላለ ሰው መንገር፣ ብቻ አለመሆን፣ አቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። ስለ ሞት ማሰብ የሕመሙ ምልክት ነው፤ እንደ እንቅልፍ ማጣቱ ሁሉ ይታከማል፣ ያልፋልም። መሙላቱንም አትፍሩ፤ ጥያቄውን መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ውስጥ አይከትም።

ኔትወርክና መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። እኛ ምስሉ ሲቋረጥ በተራ ስልክ እንቀጥላለን፤ መጠይቁንም መላክ ካቃተኝ ቁጥሮቹን በተራ በአጭር መልእክት እልካለሁ፦ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ እያልኩ። ስልካችሁን ሌላ ሰው የሚነካው ከሆነ የመልእክት ጽሑፍ በተቆለፈ ስክሪን ላይ እንዳይወጣ አድርጉ። ከሁሉ በላይ ግን ደብተር ይኑራችሁ። ስልክ ይሰረቃል፣ መተግበሪያም ይዘጋል። እኔ ቀኑን፣ ዘጠኙን ቁጥሮች፣ ድምሩን፣ የቡናውን ቁጥር፣ የመድኃኒቱን መጠንና አንድ መስመር ማስታወሻ በተራ ደብተር ላይ እመዘግብ ነበር። አዲስ አበባ ያለችው ባለሙያና ጅማ ያለው ሐኪሜ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም ነበር፤ ያገናኛቸው ይህ ደብተር ነው። ሐኪሜ በመጀመሪያ ሳቀርብለት ገልጦ ዝም ብሎ አየው፤ ከዚያ ጣቱን በእንቅልፉ ዓምድ ላይ እያወረደ «መጠኑን የቀየርነው የቱ ጋ ነው?» አለኝ። ወረፋው ረጅም ነው፣ ለአንድ ሰው ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በዚያች ጥቂት ደቂቃ የወራት ታሪኬን አየ።

ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ስሞላ አይተው እሳቸውም ጠየቁኝ። አማርኛ ይሰማሉ፣ ልባቸው ግን በኦሮምኛ ነው የሚናገረው። የመጠይቁ የአፋን ኦሮሞ ቅጂ በዚሁ በጅማ አካባቢ በነፍሰ ጡር እናቶች ላይ ተፈትሾ ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. መታተሙን ከባለሙያዋ ሰማሁ፤ ላከችልኝም። በራሳቸው ቋንቋ ሲነበብላቸው መልሳቸው ሌላ ሆነ፤ በአማርኛ 0 ያሉትን 2 አሉ። ያም ሆኖ እሳቸውን የሚያስቸግራቸው አናታቸውን የሚያቃጥላቸው፣ ጀርባቸውንና ሆዳቸውን የሚወጋቸው ነገር ነበር፤ ዘጠኙ ጥያቄዎች ስለዚህ አይጠይቁም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ፣ ኤስአርኪው-20 የሚባለው፣ ራስ ምታትንና የሆድ ሕመምንም አዎ ወይም አይደለም እያስባለ ይጠይቃል፤ ለእንደሳቸው ዓይነት ሰው እሱ የተሻለ መነሻ ነው። ቤተሰባችሁን ወደ ስልክ ሕክምና የምታስገቡ ከሆነ መጠይቁ በምን ቋንቋ እንደሚቀርብ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ማን እንደሚያነብላቸውም አስቡ። ምራት ፊት የማይመለስ ጥያቄ አለ።

ነጥቤ ከ5 በታች ከወረደ በኋላ መድኃኒቱን ሐኪሜ ባለኝ መሠረት ለወራት ቀጠልኩ፤ ያቆምኩትም በእሱ ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው። ውይይቱን ስንጨርስ ባለሙያዋ የመጨረሻውን ሰዓት የተጠቀመችው ስለ ወደፊቱ ነው። ድባቴ ሊመለስ የሚችል ሕመም ነው፤ ሲመለስም አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ በሄደበት መንገድ ይመጣል። የእኔ በእንቅልፍና ከቡና በመቅረት ነው የጀመረው። ስለዚህ አሁን በወር አንድ ጊዜ እሞላለሁ። ድምሩ 10 ከደረሰ፣ ወይም ካለፈው ወር በ5 ከጨመረ፣ ወይም ዘጠነኛው ላይ ከ0 ሌላ ቁጥር ከመጣ በዚያው ቀን እደውላለሁ። ቡና ላይ ለሁለት ሳምንት ከቀረሁ ደግሞ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን እኅቴ ትጠይቀኛለች፤ «ደህና ነኝ» ብላትም ደብተሩን አሳይኝ የማለት መብት ሰጥቻታለሁ። ይህን በአንድ ገጽ ጽፈን እሷም እኔም ፈርመንበታል፤ አንዱ ቅጂ ለባለሙያዋ ተልኳል፣ ሌላው ሐኪሜ ዘንድ ከካርዴ ጋር ተያይዟል።